ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ውስጥ ዓሣ ስለ ማጥመድ

ከዶዮገና ደጋ ተነሥቶ ስለ ዓሣ መጻፍ ለአንዳንድ አንባቢ ያስቅ ይሆናል። ዶዮገና የእንሰት አገር ነው፤ ምግቡ ቆጮ፣ ሀብቱ ከብትና በግ ሲሆን ዓሣ በደጋው ሰው ማዕድ ላይ የዘወትር እንግዳ አይደለም። ነገር ግን ከከምባታና ከሐዲያ ደጋ ወደ ምሥራቅ የሚወርዱት ጅረቶች ወደ ብላቴ ሸለቆ ያመራሉ። በዚያው በብላቴ ተፋሰስ፣ በሻሾጎ ወረዳ ውስጥ፣ ቦዮ የሚባል ሐይቅ አለ። ቦዮ ክረምት ሲገባ እየሰፋ ሜዳውን የሚያለብስ፣ በጋው ሲጠና ደግሞ እየጠበበ ወደ ረግረግነት የሚያዘነብል፣ ጥልቀት የሌለው ውኃ ነው። ስለዚህ ጥያቄው ከደጋው ያን ያህል የራቀ አይደለም። እንዲህ ባለው ውኃ ውስጥ ዓሣ በምን ዘዴ ይያዛል? ከዘዴዎቹስ የትኛው ሐይቁን ሳይጎዳ ለረጅም ዘመን ያገለግላል?

ውኃው ከጉልበት ወይም ከወገብ ካላለፈ ዓሣውን መያዝ ቀላል ነው ብሎ የሚያስብ ሰው ብዙ ነው። ነገሩ ሁለት መልክ አለው። ለጀማሪው አጥማጅ ጥልቀት የሌለው ውኃ እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ምክንያቱም ዓሣው ጥላውን ያያል፣ የእግሩን ኮቴ ይሰማል፣ ጭቃው ይደፈርሳል፣ መረቡም በሣር ይተበተባል። ለሠለጠነውና ትልቅ መረብ ላለው አጥማጅ ግን ከመጠን በላይ ቀላል ነው። በጥልቅ ሐይቅ ዓሣው ወደ ታች ወርዶ ከመረብ የሚያመልጥበት ቦታ አለው። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ግን ታች የለውም። የሚሸሸገው በሸምበቆና በፊላ መካከል ብቻ ነው። እኔ እንደሚመስለኝ ስለዚህ ዓይነት ሐይቅ የሚጻፈው ሁሉ ከዚህ ነጥብ መነሣት አለበት።

በአገራችን በሚገባ ከተለኩት እንዲህ ካሉ ሐይቆች ዋናው ዝዋይ ወይም ደንበል ነው። ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ከፍታ ላይ የሚገኘው ይህ ሐይቅ ስፋቱ 440 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ግን 2 ሜትር ተኩል ብቻ ነው። ከዳር እስከ ዳር ለማቋረጥ ሰዓታት የሚፈጀው ውኃ፣ በአብዛኛው ስፍራ ሁለት ሰዎች ቢደራረቡ የላይኛው ራሱን ብቅ ሊያደርግበት የሚችል ነው ማለት ነው። ጣና እንኳ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ የሚሰፋ ሆኖ ሳለ አማካይ ጥልቀቱ ከ8 ሜትር ብዙ አይበልጥም። ስለዚህ የቦዮን ጉዳይ ለመረዳት ከዝዋይና ከጣና የተገኘውን ትምህርት መዋስ ይገባናል።

በመጀመሪያ የውኃውን ጠባይ እንመልከት። በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይበረታል። ጥልቅ በሆነ ሐይቅ ነፋሱ የላይኛውን ውኃ ብቻ ያናውጣል፤ ጥልቀት በሌለው ግን እስከ ወለሉ ድረስ ይደርስና ጭቃውን ያነሣል። የዝዋይ ውኃ ቡናማ መልክ የሚይዝበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ማዕበሉም ቢሆን እንደ ጥልቅ ውኃ ማዕበል ረጅምና ዝግ ያለ ሳይሆን አጭር፣ ቀጥ ያለና ተደጋጋሚ ስለሚሆን ትንሽ ጀልባን በቀላሉ ይገለብጣል። ስለዚህ ሥራው ማለዳና ማታ፣ ነፋሱ ሳይነሣ ወይም ከወረደ በኋላ መሠራት አለበት።

ድፍርስነቱ ግን ለአጥማጁ ጥቅምም አለው። ዓሣው በጠራ ውኃ ውስጥ መረቡን አይቶ ይርቀዋል፤ ስለዚህ በጠራ ሐይቅ መረብ የሚዘረጋው ማታ ነው። በደፈረሰ ውኃ ግን መረቡ በቀንም ይሠራል። በጦር የሚያድነው ሰው ደግሞ በተቃራኒው የጠራ ውኃ ይፈልጋል። እንግዲህ አንድ ሐይቅ በአንድ ቀን ውስጥ ማለዳ ለጦር፣ ከሰዓት በኋላ ለመረብ ሊመች ይችላል።

ጀልባን በተመለከተ ቀዘፋ ብዙ አይጠቅምም። ቀዛፊው መቅዘፊያውን በጭቃ ውስጥ ሲያስገባ ውኃውን ያደፈርሳል፣ ዓሣውንም ያባርራል። የተሻለው ረጅም ዘንግ ወለሉ ላይ ተክሎ ቀስ ብሎ መግፋት ነው። ለዚህም ከደንገል የሚታሰረው የጣና ታንኳ እጅግ ይስማማል። በውኃ ውስጥ የሚሰምጠው የታንኳው ክፍል ጥቂት ስለሆነ እስከ ቁርጭምጭሚት በሚደርስ ውኃ ላይ እንኳ ይንሳፈፋል፤ ሸምበቆ ውስጥ ሲገባም እንደ እንጨት ጀልባ አይንኳኳም። ጉድለቱ ውኃ እየጠጣ መክበዱ ነው። ከሥራ በኋላ በየብስ ላይ አቁመው ካላደረቁት ቶሎ ይበሰብሳል፤ ቢያደርቁትም ዕድሜው በወራት የሚቆጠር ነው። በዝዋይ ደሴቶች የሚኖሩት የዛይ ሰዎችም እንዲሁ ከውኃ ዳር ተክል የታሰረ ታንኳ ሲጠቀሙ የኖሩ ናቸው።

ታንኳ የሌለው በእግሩ ይገባል። ይህ ግን ያለ ጥንቃቄ የሚደረግ አይደለም። ጉማሬ ባለበት ውኃ በሸምበቆ መካከል በእግር መሄድ ሞትን መጥራት ነው። ከጉማሬው ይልቅ ሳይታይ ብዙ ሰው የሚጎዳው ግን ቢልሃርዝያ ነው። በሽታውን የምታዛምተው ቀንድ አውጣ የምትኖረው ጸጥ ባለና ሣር ባለበት ዳርቻ፣ ማለትም አጥማጁ በሚቆምበት ስፍራ ነው። ከጉልበት በላይ የሚደርስ የላስቲክ ቦቲ ለአጥማጅ እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም።

አሁን ወደ መሣሪያዎቹ እንምጣ። ከሁሉ ቀላሉ ጦር ነው። ጫፉ ላይ ወደ ኋላ የዞረ ጥርስ ያለው፣ ዘንጉ ቀጭንና ረጅም የሆነ ጦር ለአምባዛ ይመቻል። ጀማሪዎች ሁሉ የሚሳሳቱት አንድ ስሕተት አለ፤ እርሱንም የፊዚክስ ተማሪ ወዲያው ይገነዘበዋል። ብርሃን ከውኃ ወደ አየር ሲወጣ ስለሚታጠፍ ዓሣው ካለበት ከፍ ብሎ ይታያል። በቀጥታ ከላይ ወደ ታች ብናይ በ80 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ዓሣ በ60 ሳንቲ ሜትር ላይ ያለ ይመስለናል። ከጎን በኩል ባየነው መጠን ስሕተቱ ይብሳል። ስለዚህ ጦረኛው ከሚያየው ዓሣ ዝቅ አድርጎ ማነጣጠር አለበት። ይህን ሕግ ትምህርት ቤት ገብቶ ያልተማረው አጥማጅ በእጁ ያውቀዋል፤ የተማረው ግን ብዙ ጊዜ በፈተና ወረቀት ላይ እንጂ በውኃ ውስጥ አያውቀውም።

ቀጥሎ ቅርጫት ነው። ታቹና ላዩ ክፍት የሆነ፣ ታቹ ሰፊ ላዩ ጠባብ የሆነ ቅርጫት ይሠራል። አጥማጁ በውኃው ውስጥ እየተራመደ ቅርጫቱን በፍጥነት ወደ ወለሉ ይጫነዋል፤ ዓሣ ከተያዘ ሲፈራገጥ የቅርጫቱን ግድግዳ ስለሚመታ በእጅ ይታወቃል። ከዚያም በላይኛው ቀዳዳ እጁን አስገብቶ ያወጣዋል። በዛምቤዚ ወንዝ ዳርቻ በሚገኙት ጎርፍ የሚያለብሳቸው ሜዳዎችና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የሩዝ ማሳዎች ይህ ዘዴ ከጥንት ጀምሮ የተለመደ ነው። ውኃው ከጉልበት ካለፈ አይሠራም። ከጉልበት በታች ሲሆን ግን ምንም ዓይነት መረብ አይተካከለውም፤ ደግሞም የሚይዘው አንድ አንድ ዓሣ ስለሆነ ትንሹን መልሶ መልቀቅ ይቻላል።

መንጠቆ በተለይ ለአምባዛ ነው። በአንድ ረጅም ገመድ ላይ ብዙ መንጠቆዎች በአጫጭር ክሮች ይንጠለጠሉና ማታ ተጥለው ጧት ይነሣሉ። ጥልቀት በሌለው ሐይቅ ወለሉ ለስላሳ ጭቃ ስለሆነ መንጠቆው ከነምግቡ ይሰምጥና ይጠፋል። ስለዚህ ገመዱን በየጥቂት ክንዱ በቡሽ ወይም በደረቀ የደንገል ግንድ እያንጠለጠሉ፣ ምግቡ ከወለሉ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ እንዲቆይ ማድረግ ያስፈልጋል። አምባዛ በማየት ሳይሆን በጢሙ እየዳበሰና እያሸተተ የሚፈልግ ስለሆነ የውኃው ድፍርስነት አያግደውም። ከስንጥቡ በላይ አየር የሚተነፍስበት ልዩ አካልም ስላለው አየር ባነሰው ረግረግ ውስጥ ሌላው ዓሣ ሲሞት እርሱ ወደ ላይ እየወጣ ይተነፍሳል። ልምድ ያለው አጥማጅ ማለዳ ጸጥ ባለ ውኃ ላይ ያንን አረፋ አይቶ ገመዱን የት እንደሚጥል ይወስናል።

ቋሚው መረብ፣ ማለትም በውኃው ውስጥ እንደ አጥር ተዘርግቶ ዓሣውን በስንጥቡ የሚይዘው፣ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ይመርጣል። ከዐይኑ የሚያንሰው ዓሣ ያልፋል፤ በጣም የሚበልጠው ራሱን ስለማያስገባ ይመለሳል። ስለዚህ የመረቡን ዐይን በመወሰን የሚያዘውን ዓሣ መጠን መወሰን ይቻላል። ነገር ግን ይህ ሁሉ የሚሆነው መረቡ ተወጥሮ ሲቆም ነው። ሁለት ሜትር ቁመት ያለውን መረብ አንድ ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ብንተክለው ግማሹ ልል ሆኖ በወለሉ ላይ ይከመራል። ያን ጊዜ መምረጡን ይተውና ትንሹንም ትልቁንም፣ ወፉንም ጭምር የሚተበትብ ጨርቅ ይሆናል። ለጥልቅ ሐይቅ ተብሎ የተሠራ መረብ እንዳለ ተገዝቶ ጥልቀት ወደሌለው ሐይቅ ቢወሰድ ውጤቱ ይኸው ነው። ለአንድ የአጥማጆች ማኅበር መሣሪያ ሊገዛ የሚነሣ ሰው ገበያ ከመሄዱ በፊት በሐይቁ ውስጥ ዘንግ ይዞ በየቦታው ጥልቀቱን መለካት ነበረበት። የመረቡ ቁመት ከውኃው ጥልቀት ማነስ አለበት።

ከሁሉ ይልቅ ልናስብበት የሚገባን ግን ተጎታቹ መረብ ነው። ከላይ ቡሽ፣ ከታች እርሳስ ያለው ረጅም መረብ በታንኳ ተወስዶ በግማሽ ክብ ይዘረጋል፤ ከዚያም በሁለቱ ጫፍ ሰዎች ቆመው ወደ ዳር ይጎትቱታል። ጥልቀት በሌለው ውኃ መረቡ ከላይ እስከ ወለሉ ስለሚደርስ በመካከል ያለው ዓሣ ሁሉ ይያዛል። ከዚህ የበለጠ የሚይዝ ዘዴ የለም። በአንድ ጠዋት የሚገኘውን ብቻ ብናይ ተጎታች መረብን የሚነቅፍ ሰው እብድ ይመስለናል።

ነገሩን ለመረዳት የቆሮሶን አራባብ ማወቅ ያስፈልጋል። በሐይቆቻችን በብዛት የሚበላው ይህ ዓሣ ለመራባት ወደ ዳር ይመጣል። ወንዱ ጥልቀት በሌለው ስፍራ በአሸዋ ወይም በጠንካራ ጭቃ ላይ እንደ ምጣድ ክብ የሆነ ጎድጓዳ ጎጆ ይቆፍራል። ሴቲቱ በዚያ ዕንቁላሏን ትጥላለች፤ ወዲያውም ለቅማ በአፏ ውስጥ ትይዛለች። ዕንቁላሉ የሚፈለፈለው በአፏ ነው፤ ጫጩቶቹም ከወጡ በኋላ አደጋ ሲመጣ ተመልሰው ወደ አፏ ይገባሉ። በዚያ ወራት ከመብላትም ትታቀባለች። እንግዲህ ተጎታቹ መረብ በእርሳሱ ወለሉን ሲጠርግ ጎጆዎቹን ይደለድላል። እናቲቱም ስትያዝ ከድንጋጤ የተነሣ በአፏ የያዘችውን ሁሉ ትተፋዋለች። ብንለቃትም እንኳ በመቶዎች የሚቆጠሩት ልጆችዋ ቀርተዋል። በጥልቅ ሐይቅ ጎጆው ያለው በዳርቻው ጠባብ ቀበቶ ላይ ነው፤ በቦዮ ዓይነት ሐይቅ ግን ሐይቁ በሙሉ ዳርቻ ነው ማለት ይቻላል።

የገበያው ጠባይ ደግሞ ጉዳቱን ያብሰዋል። በሐዋሳ ሐይቅ በተደረገ ጥናት ቆሮሶ ዓመቱን ሙሉ ቢራባም ከጥር እስከ መጋቢት፣ ደግሞም ከሐምሌ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ መራባቱ እንደሚበረታ ታይቷል። የመጀመሪያው ወቅት በከፊል ከዐቢይ ጾም ጋር ይገጣጠማል። በዐቢይ ጾም ዓሣ ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ እተዋለሁ፤ ገበያው ግን በዚያ ወራት ዓሣን አጥብቆ እንደሚፈልግ፣ ዋጋውም እንደሚወደድ የታወቀ ነው። እናቲቱ ልጆችዋን በአፏ በያዘችበት ሰሞን ዋጋዋ ከፍ ይላል።

ሌላው ጥንቃቄ የሚያሻው ዘዴ በወንዝ አፍ ላይ አጥር ማጠር ወይም መረብ መትከል ነው። ብዙ ዓሦች ክረምት ሲገባ ለመራባት ወደ ወንዝ ይወጣሉ፣ ወይም እንደ አምባዛ ጎርፍ ወዳለበሰው ሣር ይገባሉ። በጠባቡ መግቢያ የቆመ ሰው ያለ ድካም ይሰበስባቸዋል። የጣና ነጭ ዓሣ የደረሰበት ለዚህ ምስክር ነው። በ1978 ዓ.ም. ገደማ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ የሚሠራ የዓሣ ማስገር ሥራ በጣና ተጀመረ፤ አጥማጆችም በመራቢያ ወራት በወንዞቹ አፍ ላይ መረብ መዘርጋትን ለመዱ። በ1983 እና በ1993 ዓ.ም. መካከል ወደ ወንዝ ወጥተው የሚራቡት የነጭ ዓሣ ዓይነቶች ምርት በሦስት አራተኛ ያህል ቀነሰ። ውኃ ሲጎድል ከሜዳው ወደ ሐይቁ የሚመለሰውን ዓሣ በሸምበቆ አጥርና በወጥመድ መያዝ ግን የተለየ ነገር ነው፤ ዓሣው ከተራባ በኋላ ነውና። ያው አጥር፣ በያው ስፍራ፣ በሰኔ ቢቆም ጥፋት፣ ውኃው ሲሸሽ በኅዳር ቢቆም ሥራ ይሆናል።

ብርብራን ሳልጠቅስ ማለፍ አልፈልግም። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ በውኃ ላይ በመበተን ዓሣን ማስከር በአገራችን የቆየ ዘዴ ነው። በፍሬው ውስጥ ያለው መርዝ ዓሣው ኦክሲጅንን እንዳይጠቀም ስለሚያደርገው ደንዝዞ ይንሳፈፋል። በሚፈስ ወንዝ ውስጥ መርዙ ቶሎ ያልፋል፤ በማይፈስና ጥልቀት በሌለው ውኃ ግን ጫጩቱንና የሚመገበውን ነፍሳት ሁሉ ያዳርሳል። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 315 ዓሣን በመርዝና በፈንጂ ማጥመድን የከለከለው ያለ ምክንያት አይደለም።

እንግዲህ ዓሣው የሚሸሸገው በሸምበቆው ብቻ ነው ካልን፣ ሸምበቆው ራሱ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ከማላዊ የቺልዋ ሐይቅ እንማራለን። የዚህ ሐይቅ ጥልቀት በደህናው ዘመን 2 ሜትር ያህል ነው፤ መውጫ ወንዝም የለውም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1968 ደረቀ፤ በ1995ም እንደገና ደረቀ። ሁለቱንም ጊዜ ዝናቡ ሲመለስ ዓሣው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ተመልሶ በዛ። የመጣውም ከሌላ አገር ሳይሆን በዙሪያው ባለው ረግረግና ወደ ሐይቁ በሚገቡት ጅረቶች ውስጥ ከተረፉት ነው። የእኛን ሐረማያን ብናስብ ሐይቁ በ1990ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ ሲደርቅ የታየው ውኃው ለከተማና ለመስኖ ከመጠን በላይ በመቀዳቱ ጭምር ነበር። ውኃው ከዓመታት በኋላ መመለስ ችሏል። ከውኃው ጋር ዓሣው በራሱ እንዲመለስ ግን በዙሪያው መሸሸጊያ መቅረት አለበት። በቦዮ ዙሪያ ሸምበቆው ለግጦሽና ለእርሻ በተመነጠረ ቁጥር ለድርቅ ዓመት የተቀመጠው ዘር አብሮ ይመነጠራል።

በመጨረሻ ወደ ዶዮገና ልመለስ። ናይለን መረብ ጠንካራ ነው፤ አይበሰብስም። ይህ ጥቅሙ ነው፤ ጉዳቱም ይኸው ነው። በሸምበቆ ውስጥ ተይዞ የቀረ ናይለን ባለቤቱ ከረሳው በኋላ ዓሣና ወፍ ሲያጠምድ ይኖራል። የእንሰት ቃጫ ግን ይበሰብሳል። የቃጫ ጥንካሬ በዓለም ለመርከብ ገመድ ከሚፈለገው ከማኒላ ቃጫ ጋር የሚወዳደር መሆኑ በመመርመር የታወቀ ነው። ሁለቱም ተክሎች የአንድ ቤተሰብ ሲሆኑ ቃጫቸውም የሚፋቀው ከቅጠላቸው እግር ነው። የመረቡን ጥልፍ በቃጫ እንሥራ ማለቴ አይደለም፤ ለዚያ እጅግ ወፍራም ነው። ነገር ግን ለቅርጫትና ለወጥመድ ማሰሪያ፣ ለመንጠቆ ዋና ገመድ፣ መረቡንም ከቡሹ ጋር ለሚያያይዘው ክር ብንጠቀምበት፣ መረቡ ቢጠፋ እንኳ ማሰሪያው በስብሶ ቡሹ ይለያል፣ መረቡም ወድቆ ማጥመዱን ያቆማል።

ይህ ግምት ስለሆነ መፈተን አለበት። ፈተናው ደግሞ ርካሽ ነው። እኩል ውፍረት ያላቸው አንድ የቃጫና አንድ የናይለን ገመድ እያንዳንዳቸው በ12 ቁራጭ ተከፍለው በሐይቁ ዳር በእንጨት ላይ ይታሰሩና በውኃ ውስጥ ይቆያሉ። በየሁለት ሳምንቱ ከእያንዳንዱ አንድ ቁራጭ ይወጣል፤ ድንጋይ የተሞላ ከረጢት እየተንጠለጠለበት በስንት ኪሎ እንደሚበጠስ ይመዘናል። ከመስከረም ተጀምሮ እስከ የካቲት ድረስ ይፈጸማል፤ የሚያስፈልገውም ሚዛን፣ ከረጢትና ሐይቁ ዳር የሚሄድ አንድ ትዕግሥተኛ ተማሪ ነው።